የኮሪያ ምሁራንን ጥናት ፈልጎ ማግኘት፣ ማንበብና መጥቀስ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ይህ ገጽ በደቡብ ኮሪያ ምሁራን የተሠሩ ጥናቶችን ለመመረቂያ ጽሑፍ፣ ለምርምር ወይም ለትርጉም ለሚፈልጉ ሰዎች የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ፣ ወሮቹና ቀኖቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በእንግሊዝኛ ጉግል ስኮላር ላይ ብፈልግ አይበቃኝም?

እንደ ዘርፉ ነው። ለፊዚክስ፣ ለኬሚስትሪ፣ ለኢንጂነሪንግና ለሥነ ሕይወት በአብዛኛው ይበቃል። በእነዚህ ዘርፎች ቅጥርም ሆነ የደረጃ ዕድገት የሚመዘነው በዓለም አቀፍ ጆርናል በወጣ ሥራ ስለሆነ ዋናው ውጤት በእንግሊዝኛ ይታተማል። ለታሪክ፣ ለሥነ ጽሑፍ፣ ለሕግ፣ ለፎክሎርና ለትምህርት ጥናት ግን አይበቃም። እዚያ ክርክሩ የሚካሄደው በኮሪያኛ ነው፤ በእንግሊዝኛ የሚገኘው ብዙ ጊዜ ለውጭ አንባቢ የተዘጋጀ መግቢያ ነው።

በሳይንሱም ቢሆን የመጀመሪያው ምንጭ አንዳንዴ አገር ቤት ይገኛል። የእኛ ቃኘው ሻለቃ በተሰለፈበት በኮሪያ ጦርነት ከ3,000 በላይ የተባበሩት መንግሥታት ወታደሮች ደም በሚያፈስና ኩላሊት በሚያጠቃ ትኩሳት ታመው ነበር። መንስኤው ከ20 ዓመት በላይ ሳይታወቅ ቆየ። በ1976 ኮሪያዊው የቫይረስ ተመራማሪ ሊ ሆ-ዋንግ ጀርባዋ ላይ ጥቁር መስመር ካላት የሜዳ አይጥ ሳንባ ውስጥ ፍንጩን አገኙ፤ ቫይረሱም በሃንታን ወንዝ ስም ተጠራ። የመጀመሪያው ሪፖርት የወጣው በ1976 በኮሪያ የውስጥ ደዌ ሕክምና ጆርናል ነው። ሁሉም የሚጠቅሰው የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ደግሞ በ1978 አሜሪካ ውስጥ ታተመ። የኋለኛውን ብቻ ያየ ሰው ግኝቱን በሁለት ዓመት ያዘገየዋል።

በኮሪያኛ የተጻፈውን ከየት ልጀምር?

ከኬሲአይ። የኮሪያ ብሔራዊ የምርምር ፋውንዴሽን የሚያስተዳድረው የጥቅስ ማውጫ ነው። የእንግሊዝኛ ገጽ አለው፤ የአብዛኞቹ ጽሑፎች ርዕስ፣ አጽሕሮተ ጥናትና ቁልፍ ቃላት በሁለቱም ቋንቋ ተቀምጠዋል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ገብቶ በኮሪያኛ መውጣት ይቻላል፦ አንድ የሚመስል ጽሑፍ ያግኙ፣ ከሥሩ የተዘረዘሩትን የኮሪያኛ ቁልፍ ቃላት ይቅዱ፣ ከዚያ በእነሱ እንደገና ይፈልጉ። ሁለተኛው ፍለጋ ከመጀመሪያው ብዙ እጥፍ ውጤት ያመጣል። ዩኒቨርሲቲዎ ዌብ ኦፍ ሳይንስ (ዓለም አቀፍ የጥቅስ ማውጫ) ካለው ኬሲአይ ከ2014 ጀምሮ በዚያም በኩል ይታያል።

ቀጥሎ ሪስ ነው፤ የማስተርስና የዶክትሬት ጽሑፎች በብዛት ያሉት እዚህ ነው። ለአዲስ ርዕስ ከጆርናል ጽሑፍ በፊት የዶክትሬት ጽሑፍ ማንበብ ይሻላል እንላለን። ምክንያቱም መግቢያው ወይም ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ከዚያ በፊት የተሠራውን ሁሉ በስምና በዓመት የሚዘረዝር ክፍል አይቀርም። ኮሪያዎቹ «ሰንሄንግ ዮንጉ» ይሉታል፣ «ቀድሞ የተሠራ ጥናት» እንደማለት ነው። የአሥር ዓመት ክርክር በአሥራ አምስት ገጽ ተጠቃሎ ይገኛል።

ለሕክምና ኮሪያሜድ፣ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ማኅበራት ጆርናሎች ኮሪያሳይንስ በነፃ ክፍት ናቸው። ዲቢፒያና ኪስ ንግድ ድርጅቶች ናቸው፤ ያስከፍላሉ። የኮሪያ ድረ ገጾች ክፍያ ላይ ብዙ ጊዜ የአገሩን ስልክ ቁጥር ማረጋገጫ ስለሚጠይቁ የውጭ ካርድ መንገድ ላይ ይቀራል። ከዚያ ጋር ከመታገል ያንኑ ጽሑፍ በኬሲአይ ወይም በጆርናሉ የራሱ ገጽ ላይ መፈለግ ይቀድማል። ብዙ ማኅበራት ያለ ክፍያ ይለቁታል።

ሃንጉል (የኮሪያ ፊደል) መጻፍ አልችልም። እንዴት ልፈልግ?

ኪቦርድ መማር አያስፈልግም። የፈለጉትን ነገር የእንግሊዝኛ ውክፔዲያ ገጽ ይክፈቱ፣ ከቋንቋዎች ዝርዝር ውስጥ ኮሪያኛን ይምረጡ፣ የገጹን ርዕስ ቀድተው መፈለጊያው ላይ ይለጥፉ። መዝገበ ቃላት የማይሰጠውን ሙያዊ ስም ይሰጣል።

ሦስት ነገር ያበላሻል። አንደኛው ክፍተት ነው፦ ተጣምረው የሚጻፉ ቃላት በአንዱ ጽሑፍ ተያይዘው፣ በሌላው ተለያይተው ይገኛሉ፤ ሁለቱንም ይሞክሩ። ሁለተኛው አንድ ነገር ሁለት ስም ሲኖረው ነው። የኮሪያ ጦርነት በምሁራኑ ጽሑፍ «ሃንጉክ ጆንጄንግ» ተብሎም «ዩግኢዮ» ተብሎም ይገኛል፤ የኋለኛው «ስድስት-ሁለት-አምስት» ማለት ሲሆን ጦርነቱ ሰኔ 25 ቀን 1950 ስለጀመረ የወጣለት ስም ነው። አንዱን ብቻ የፈለገ የሌላውን ጸሐፊዎች አያገኛቸውም። ሦስተኛው የባዕድ ስም አጻጻፍ ነው። ቃኘው ሻለቃን ለመፈለግ «ቃኘው» የሚለውን በድምፁ ቢያስገቡ ባዶ ሊወጣ ይችላል፤ ኮሪያዎቹ «ካንግኒዩ ቡዴ» ብለው ነው የለመዱት። ቡዴ የጦር ክፍል ማለት ነው።

አንድ ተመራማሪ ስሙ በየጽሑፉ ለምን ይለያያል?

በሃንጉል አንድ የሆነ ስም በላቲን ፊደል ሲጻፍ ምርጫው የባለቤቱ ስለሆነ ነው። መንግሥት በ2000 ያወጣው የአጻጻፍ ሥርዓት ለቦታ ስም ይሠራል፤ ለሰው ስም ግን ግዴታ አልሆነም። ስለዚህ ያው የቤተሰብ ስም ሊ፣ ዪ፣ ሪ ወይም ኢ ተብሎ፣ ሌላው ደግሞ ጁንግ፣ ጆንግ፣ ቹንግ ወይም ቾንግ ተብሎ ይገኛል። በ2022 የፊልድስ ሜዳልያ የተሸለመው የሒሳብ ሊቅ ጁን ሃህ በመንግሥቱ ሥርዓት ቢጻፍ የቤተሰብ ስሙ ሄኦ በሆነ ነበር።

የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ የግል ስም ይከተላል። በእንግሊዝኛ ጆርናል ይገለበጣል፣ አንዳንዱ ደግሞ አይገለበጥም። የግል ስም ብዙውን ጊዜ ሁለት ክፍለ ቃል ስለሆነ በሰረዝ፣ በክፍተት ወይም ተያይዞ ይጻፋል፤ የስም መነሻ ፊደሉም አንዴ ሁለት፣ አንዴ አንድ ይሆናል። በዚያ ላይ ኪም፣ ሊና ፓርክ ብቻቸውን ከሕዝቡ 45 በመቶ ገደማ ናቸው። «ኪም» ብሎ መፈለግ ከመርካቶ አንድ «አበበ» እንደ መፈለግ ነው። የአባቱ ስም የቤተሰብ ስም ሆኖ ማውጫ ላይ የተገለበጠበት ሐበሻ ይህን ችግር ብዙ ማብራሪያ ሳያሻው ይረዳዋል።

መፍትሔው፦ ከኬሲአይ የሰውየውን ስም በሃንጉል ይቅዱ፣ ከተቋሙ ስም ጋር አብረው ይፈልጉ፣ ኦርኪድ (የተመራማሪ መለያ) ቁጥር ካለው በእሱ ያረጋግጡ። የአሜሪካ ቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ላይ ሲሆን ደግሞ የ1930ዎቹን የማኩን-ራይሻወር አጻጻፍ ማወቅ ግድ ነው። እዚያ ቡሳን ፑሳን፣ ዴጉ ቴጉ፣ ጆሶን (የቀድሞው ሥርወ መንግሥት) ቾሶን ናቸው።

«የኬሲአይ ጆርናል» ማለት ምን ያህል ይመዝናል?

በውስጡ ደረጃ አለ፦ ምርጥ ተብለው የተመዘገቡ፣ የተመዘገቡና ለምዝገባ የታጩ። የታጩት በግምገማ ላይ ያሉ ናቸው። ለሰብዓዊ ጥናት የተመዘገበ የኬሲአይ ጆርናል ጥሩ መለኪያ ነው፤ በገለልተኛ ገምጋሚዎች ያልፋል። የዌብ ኦፍ ሳይንስ ዋና ማውጫ ውስጥ የለም ብሎ መናቅ ስሕተት ነው፤ የጆሶን ዘመን የመሬት ግብርን ጉዳይ በደንብ የሚገመግሙ ሰዎች ያሉት ሴኡል እንጂ ቦስተን አይደለም። ለቁሳቁስ ሳይንስ ግን ነገሩ ይገለበጣል፤ ጠንካራ ውጤት ያለው ቡድን በመጀመሪያ ወደ ውጭ ነው የሚልከው።

ፋይሉ ወረደ፤ ግን አይከፈትም።

ምናልባት ሃንኮም የተባለው ድርጅት የሚሠራው «ሃንጉል» የተሰኘ የጽሑፍ ፕሮግራም ፋይል ነው። ከ1989 ጀምሮ አለ፤ የኮሪያ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና ዩኒቨርሲቲዎች ከወርድ ይልቅ እሱን ይወዳሉ። ወርድ አይከፍተውም። የሃንኮምን ነፃ ማሳያ መጫን ይበቃል። ሊብረኦፊስ አንዳንዱን ይከፍታል፤ ሠንጠረዥ ካለበት ግን ይበታትነዋል። የሚሞላ ቅጽ ከሆነ በማሳያ አይሞላም፤ የዩኒቨርሲቲውን የውጭ ግንኙነት ክፍል የወርድ ቅጂ ይጠይቁ።

ፒዲኤፍ ሆኖ ቃል መምረጥ ካልቻሉ ደግሞ ገጹ ፎቶ ነው። ጽሑፍ የሚለይ ፕሮግራም ላይ ሲያስገቡ ኮሪያኛና ባህላዊ ቻይንኛ አብረው መመረጥ አለባቸው። ከ1990ዎቹ በፊት የታተሙ የታሪክና የሕግ ጽሑፎች ዋና ዋና ስሞችን በቻይና ፊደል ይጽፋሉ፤ ኮሪያኛ ብቻ ከተመረጠ ፕሮግራሙ ዋናዎቹን ቃላት ዘልሎ መጋጠሚያዎቹን ብቻ ያወጣል።

በማሽን ትርጉም ላይ መተማመን ይቻላል?

ርዕስና አጽሕሮተ ጥናት ለመለየት፣ አዎ። ለመጥቀስ፣ አይቻልም። ስሕተቶቹ ግን የታወቁ ስለሆኑ አስቀድሞ መጠበቅ ይቻላል።

በብዛት የሚያሳስቱት ድምፃቸው አንድ የሆነ ቃላት ናቸው። «ኡይሳ» የሕክምና ዶክተር ነው፤ ፈቃድና ሐሳብም ነው፤ ለአገሩ የተሰዋ አርበኛም ነው። በ1909 ሃርቢን ላይ የጃፓኑን ፖለቲከኛ ኢቶ ሂሮቡሚን የገደለው ኮሪያዊው አርበኛ አን ጁንግ-ግዩን በማሽን ትርጉም ሐኪም ሆኖ ሊወጣ የሚችለው በዚህ ነው።

ከዚህ የባሰው የምሁራኑ ትሕትና የሚያመጣው ጣጣ ነው። ኮሪያዊ ጸሐፊ «እኔ» አይልም፤ «ፒልጃ» ይላል፣ «ጸሐፊው» ማለት ነው። ማሽኑ በቀጥታ ሲተረጉመው አንባቢው ስለ ሌላ ሰው የሚወራ ይመስለዋል። የራሱን የቀድሞ ጽሑፍ ሲጠቅስ ደግሞ «ጆልጎ» ይለዋል፤ «ያልበሰለች ጽሑፌ» እንደማለት። ትርጉሙ «ደካማ ጽሑፍ» ብሎ ያወጣዋል፤ ያልጠረጠረ አንባቢ ደራሲው ሌላውን ሲተች አገኘሁት ብሎ ይጽፋል። እንዲሁም በአረፍተ ነገር መጨረሻ የሚመጣው «ሊባል ይችላል» የሚል አገላለጽ በኮሪያኛ አብዛኛውን ጊዜ ጥርጣሬ አይደለም። ጸሐፊው በልበ ሙሉነት የቆመበት ነጥብ ነው።

ኮሪያኛ እንደ አማርኛ ግሱን መጨረሻ ላይ ያስቀምጣል፣ ባለቤቱንም በቀላሉ ይተወዋል። ረጅም አረፍተ ነገር ሲተረጎም ማሽኑ የጎደለውን ባለቤት በግምት ይሞላል። «እሱ» ወይም «እነሱ» የሚል ባዩ ቁጥር ዋናውን አረፍተ ነገር ቆርጠው ብቻውን እንደገና ያስተርጉሙት፤ ባለቤቱ ከተለወጠ ግምት ነበር ማለት ነው።

መጽሐፉ ላይ የታተመበት ዓመት 4288 ይላል። ስሕተት ነው?

አይደለም። ደቡብ ኮሪያ ከ1948 እስከ 1961 በይፋ የተጠቀመችበት የዳንጉን አቆጣጠር ነው። 2333 ይቀንሱ፤ 1955 ይመጣል። እኛ ሰባትና ስምንት ስንቀንስ ስለኖርን አይከብደንም።

ለታሪክ ጥናት ከሁሉ የሚጠቅመው ክፍት ምንጭ የቱ ነው?

ያለ ጥርጥር የጆሶን ነገሥታት ዜና መዋዕል፣ በእነሱ አጠራር «ሲልሎክ»። ከ1392 እስከ 1863 የነገሡትን 25 ነገሥታት፣ 472 ዓመታትን በ1,893 ክፍሎች ይዘግባል። በ1997 በዩኔስኮ የዓለም መዝገብ ሰፍሯል። ሙሉው በነፃ ኢንተርኔት ላይ አለ፤ እያንዳንዱ ዘገባ ሲከፈት ዘመናዊው የኮሪያኛ ትርጉም፣ የክላሲካል ቻይንኛው ዋና ጽሑፍና የገጹ ምስል ይገኛል።

ዋጋው የመጣው ከአሠራሩ ነው። ጸሐፊዎቹ በየዕለቱ የሚጽፉትን ረቂቅ ንጉሡ እንዳያይ ተከልክሎ ነበር፤ ዜና መዋዕሉ የሚጠናቀረውም ንጉሡ ከሞተ በኋላ ነው። በ1404 ንጉሥ ቴጆንግ አደን ላይ ከፈረስ ወደቀ። ተነሥቶ መጀመሪያ ያለው «ታሪክ ጸሐፊው እንዳይሰማ» ነበር። ይህንን የምናውቀው ጸሐፊው መውደቁንም ትእዛዙንም አንድ ላይ ስለመዘገበ ነው። ቅጂዎቹ በአራት ከተሞች ይቀመጡ ነበር፤ በ1592 የጃፓን ወረራ ሦስቱ ሲጠፉ የጆንጁው ብቻ ተረፈ። ዛሬ የሚነበበው ጥንታዊው ክፍል ከዚያ የተገለበጠ ነው።

የሳይንስ ሰዎችም ይጠቀሙበታል። መጋቢት 11 ቀን 1437 የሴኡል ኮከብ ቆጣሪዎች በጊንጥ ኅብረ ኮከብ ጅራት አካባቢ አዲስ ኮከብ አይተው ለ14 ቀናት መታየቱን ጻፉ። በ2017 አስትሮኖመሮች ከዚያ ፍንዳታ የቀረውን የጋዝ ቅርፊትና ኮከቡን ለይተው ኔቸር ላይ አውጥተዋል።

ሲጠቀሙበት ሁለት ወጥመድ አለ። ቀኑ በንጉሡ ዘመንና በጨረቃ ወር ነው የተጻፈው፤ 12ኛው ወር ብዙ ጊዜ በአውሮፓውያን የሚቀጥለው ዓመት ጥር ወይም የካቲት ላይ ይውላል። የድረ ገጹን ዓመት ብቻ ቀድቶ ወሩን ያላሰላ ሰው አንድ ዓመት ይስታል። ሁለተኛ፣ የደቡቡ የኮሪያኛ ትርጉም ያለቀው በ1993 ነው፤ በብዙ እጅ የተሠራ ነው። ክርክርዎ በአንድ ቃል ላይ የቆመ ከሆነ ቻይንኛውን የሚያነብ ሰው ያስፈትሹ።

የንጉሣዊው ጽሕፈት ቤት ዕለታዊ መዝገብም አለ፤ የተረፈው ከ1623 እስከ 1910 ያለው ነው። ከሲልሎክ ይበልጥ ዝርዝር ነው፤ ትርጉሙ ግን ገና አላለቀም።

ከኮሪያ ትልልቅ የማጭበርበር ዜናዎች ሰምቻለሁ። ጥናታቸውን ልመን?

እንደማንኛውም አገር ጽሑፉን በጽሑፉነቱ ይመዝኑ። የተመራማሪው የሁዋንግ ዉ-ሶክ ጉዳይ እስካሁን ይነሣል፦ በ2004 እና በ2005 ሳይንስ መጽሔት ላይ የወጡት የሰው ግንደ-ሕዋስ ጽሑፎች ሐሰት ሆነው ተገኝተው በጥር 2006 ተሰረዙ። የ2005ቱ 11 የሕዋስ መስመሮች ሠራሁ ይል ነበር። ሰዎች የሚዘነጉት ግን ተደጋግመው የተለጠፉትን ፎቶዎች አግኝተው ያጋለጡት ወጣት ኮሪያውያን ተመራማሪዎች መሆናቸውን ነው። በዚያው ቡድን ክሎን የተደረገው (ከሌላ ውሻ ሕዋስ የተቀዳው) ውሻ ስናፒ ደግሞ ተመርምሮ እውነተኛ ሆኖ ተገኝቷል።

ኤልኬ-99 ከዚህ ይለያል። በሐምሌ 2023 በተራ የክፍል ሙቀት ያለ ተቃውሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል የተባለው ውህድ ገና ሳይገመገም ኦንላይን የተለጠፈ ጽሑፍ ነበር። 104 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ላይ ተቃውሞው ድንገት ሲወርድ የታየው ውስጡ የቀረ ቆሻሻ፣ የመዳብ ሰልፋይድ፣ በዚያ ሙቀት ቅርጹን ስለሚለውጥ መሆኑ ታወቀ። የኮሪያው የሱፐርኮንዳክቲቪቲ ማኅበርም ናሙናዎችን አስመርምሮ ማስረጃ የለም አለ። እዚህ ላይ ያለው ትምህርት ቴክኒካዊ ነው፦ ገና ያልተገመገመን ጽሑፍ ከታተመ እኩል አይጥቀሱ፤ መሰረዙንም ከመጥቀስዎ በፊት በጆርናሉ ገጽ ያረጋግጡ።

ጠለቅ ያለው ችግር የደራሲነት ጉዳይ ነው። የትምህርት ሚኒስቴር በ2022 ባወጣው ውጤት ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች በደራሲነት ከተጻፉባቸው 1,033 ጽሑፎች መካከል በ96ቱ ያለ አግባብ መግባታቸውን አረጋግጧል። ከፊሎቹ የጽሑፎቹ ደራሲ ፕሮፌሰሮች የራሳቸው ልጆች ነበሩ።

እንዴት ልጥቀስ?

የደራሲውን ስም ራሱ በእንግሊዝኛ አጽሕሮተ ጥናቱ ላይ እንደጻፈው ይያዙ፤ እርስዎ አይፍጠሩለት። የጽሑፉን የእንግሊዝኛ ርዕስም ከራሱ ከጆርናሉ ይውሰዱ፤ በአብዛኛው አለ። ከሌለ ርዕሱን በላቲን ፊደል በ2000ው ሥርዓት ጽፈው ትርጉሙን በማዕዘን ቅንፍ ያስከትሉ፣ መጨረሻ ላይ «በኮሪያኛ» ይበሉ። በአማርኛ ጽሑፍ ውስጥ ሙሉ ስሙን በአገሩ ቅደም ተከተል፣ የቤተሰብ ስም አስቀድሞ መጻፍ ግራ መጋባትን ይቀንሳል።

ለፕሮፌሰሩ ብጽፍ ይመልሳሉ?

ጽሑፍ ለመጠየቅ ከሆነ ብዙዎች ይመልሳሉ። የሚጻፈው ለመጀመሪያው ደራሲ አይደለም፤ የመልእክት ደራሲ ተብሎ ኢሜይሉ ለተጻፈው ነው፤ የላቦራቶሪው ኃላፊ እሱ ነው፣ መጀመሪያ የተጻፈው ተማሪ ተመርቆ ሄዶ ሊሆን ይችላል። በግል ስም አይጠሩም፤ «ፕሮፌሰር ኪም» በቂና ትክክል ነው። ከስምንት መስመር አይለፉ፦ ማን እንደሆኑ፣ የትኛውን ጽሑፍ በየትኛው ዓመት እንዳነበቡ፣ የሚፈልጉት አንድ ነገር። የትምህርት ቦታ የሚጠይቁ ከሆነ የሕይወት ታሪክዎን በፒዲኤፍ ያያይዙና ከጽሑፋቸው አንድ የተወሰነ ዘዴ ወይም ውጤት ይጥቀሱ። ለሃያ ሰው የተላከ ደብዳቤ ወዲያው ይታወቃል።

የምርምር በጀቱም መልሱን ይወስነዋል። የመንግሥት የምርምር በጀት በ2023 ከነበረው 31.1 ትሪሊዮን ዎን በ2024 ወደ 26.5 ሲወርድ ብዙ ላቦራቶሪዎች አዲስ ተማሪ መቀበል ከብዷቸው ነበር። «በዚህ ዓመት ቦታ የለም» የሚል መልስ ሁልጊዜ በእርስዎ ላይ የተሰጠ ፍርድ አይደለም፤ በሚቀጥለው ወሰነ ትምህርት እንደገና መጠየቅ ነውር የለውም። ወሰነ ትምህርት የሚጀምረው በመጋቢትና በመስከረም ነው። ሴኡል ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች፤ በእኛ ጠዋት 3 ሰዓት የተላከ ኢሜይል እዚያ ከቀኑ 9 ሰዓት ይደርሳል። በሶልላልና በቹሶክ በዓላት ሳምንት የተላከ ደግሞ ከሌላው ሥር ይቀበራል፤ በዓሎቹ በጨረቃ ስለሚቆጠሩ ቀናቸው በየዓመቱ ይለዋወጣል፤ ከመላክዎ በፊት ካላንደር ይመልከቱ።